የሰማይ ምልከታ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት ምላሾች የተጻፉት ለ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ለሆነ ከፍታና ሦስት ወር ደመና ለሚሸፍነው ሰማይ ነው። አብዛኞቹ የጀማሪ መመሪያዎች በ40 እና በ50 ዲግሪ ኬክሮስ ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው። እዚህ ሆኖ ቃል በቃል የሚከተላቸው ሰው የሰሜን ኮከብን ሲፈልግ ያመሻል፤ ተወርዋሪ ኮከቦችን ነሐሴ ላይ ደመና ሥር ቆሞ ይጠብቃል፤ ደጁ ላይ ያለውን የደቡብ ሰማይ ግን ሳያየው ይቀራል። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ቀኖቹም በእኛ ናቸው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን አንዳንዶቹ በአንድ ቀን ፈቀቅ ይላሉ።

ቴሌስኮፕ የለኝም። ባዶ እጄን ወደ ምልከታ ምሽት ብመጣ ችግር አለው?

የለውም። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች በባዶ ዓይን ማሳለፍ ይመረጣል። የሰማዩን አቀማመጥ ሳይለምድ ቴሌስኮፕ የያዘ ሰው ጨረቃን ካየ በኋላ ወዴት እንደሚዞር ይጠፋዋል። መጀመሪያ በእጅ መለካትን ይልመዱ፦ ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ጡጫዎን ሲጨብጡ የጡጫው ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ነው። የትንሿ ጣት ስፋት ደግሞ 1 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ሙሉ ጨረቃ የዚያ ግማሽ ናት።

ይዘው የሚመጡት ጋቢ፣ ኮፍያ፣ ወፍራም ካልሲና ትኩስ ነገር በፔርሙስ ነው። ከከተማ ውጭ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ቆሞ የሚመለከት ሰው ደግሞ እንደሚራመድ ሰው አይሞቀውም። ባትሪዎ ላይ ቀይ ፕላስቲክ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፈው በላስቲክ ይሰሩበት። ዓይን ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል፤ የአንድ ሰው ስልክ ለአፍታ ቢበራ የሁሉንም ልፋት ከንቱ ያደርጋል። ስለዚህ የስልክ ስክሪን ከምልከታው በፊት ዝቅተኛው ብርሃን ላይ ይደረግ፣ መኪናም ሲቆም ፊቱን ከተመልካቾቹ አዙሮ ይቁም።

በየትኛው ወር ምን ይታያል?

ዓመቱን የሚከፍለው ዝናብ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ ምልከታ ለማድረግ ቀጠሮ መያዝ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ያ ጊዜ ለጥገና፣ ለንባብና ለልምምድ ይሁን። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ የተሻለ ነው። በየካቲትና በመጋቢት አቧራና ጭጋግ የአድማሱን አካባቢ ያደበዝዛሉ፣ ከፍ ብሎ ያለው ሰማይ ግን ጥሩ ነው። በልግ ሲዘንብ አየሩ ስለሚታጠብ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ያለች አንዲት ሌሊት ከአንድ ሳምንት የበጋ ሌሊት ልትበልጥ ትችላለች።

ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች። የምትጠልቀውም ቀጥ ብላ ስለሆነ ምሽቱ ቶሎ ይጨልማል፤ ከ70 እስከ 75 ደቂቃ በኋላ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ጨልሟል። በሰሜን አውሮፓ በበጋቸው እስከ እኩለ ሌሊት ጨለማ የሚጠብቁ ሰዎች ይህን ቢያገኙ ይወዱት ነበር።

በኅዳርና በታኅሣሥ አንድሮሜዳ ጋላክሲ በሰሜን በኩል ከአድማስ በላይ 58 ዲግሪ ድረስ ከፍ ይላል፤ ሰባቱ ከዋክብትም ከአናት ብዙም አይርቁም። በጥርና በየካቲት የኦሪዮን ኔቡላ (በኦሪዮን ከዋክብት መካከል ያለ የጋዝ ደመና) 76 ዲግሪ ላይ ይደርሳል። በየካቲት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከሲሪየስ ቀጥሎ በብሩህነት ሁለተኛ የሆነው ካኖፐስ በደቡብ 28 ዲግሪ ላይ ይቆማል። አብዛኛው አውሮፓ ይህን ኮከብ ፈጽሞ አያየውም።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሁለት ወራት የእኛ ሀብት ናቸው። የደቡብ መስቀል በሚያዝያ አጋማሽ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ በግንቦት አጋማሽ 3 ሰዓት ገደማ ደቡብ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከፍታው 21 ዲግሪ ያህል፣ ማለትም ሁለት ጡጫ ነው። ከእሱ በስተግራ አልፋና ቤታ ሴንታውሪ የተባሉት ሁለት ደማቅ ከዋክብት ይከተላሉ። ከመስቀሉ በላይ ወደ ግራ 34 ዲግሪ ድረስ የሚወጣው ኦሜጋ ሴንታውሪ፣ ከምድር የሚታየው ትልቁ የከዋክብት ክምችት፣ ጨለማ ቦታ ላይ በባዶ ዓይን እንደ ደብዛዛ ኮከብ ይታያል፤ በ200 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ደግሞ ዓይን ቆጥሮ የማይጨርሳቸው ነጥቦች ሆኖ ይበተናል። የበልግ ደመና በሁለቱ ወራት መካከል ስለሚገባ፣ አየሩ ሲከፈት ቀጠሮ ሳይጠብቁ መውጣት ያስፈልጋል።

የፍኖተ ሐሊብ መሃል በምሽት ከፍ ብሎ የሚታየው ክረምት ላይ ስለሆነ፣ እሱን የሚፈልግ በመጋቢትና በሚያዝያ ከንጋት በፊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ይነሣ።

ከእንጦጦ መመልከት ይሻላል ወይስ ከከተማ መውጣት?

በምን ላይ እንደሚያነጣጥሩ ይወሰናል። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ ባለ 1 ሜትር ስፋት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የምርምር ኦብዘርቫቶሪ አለ። ለአማተር ግን ተራራው አንድ ትልቅ ችግር አለበት፦ ከተማዋ በስተደቡቡ ስለሆነች ብርሃኗ የሚሸፍነው በትክክል የደቡብ መስቀል ያለበትን ሰማይ ነው። ከእንጦጦ ጀርባና ወደ ሱሉልታ በኩል ሰሜኑ፣ ምሥራቁና አናቱ ጥሩ ነው፤ አንድሮሜዳንና ሰባቱን ከዋክብት እዚያ ይመልከቱ። ለደቡብ ሰማይ ግን ከተማዋን ከኋላ ማድረግ አለብዎት፤ በቡታጅራ መስመር ወይም ወደ ዝዋይና ላንጋኖ የሚወስደው መንገድ ይመረጣል። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩም ይሞቃል፣ የሐይቁ እርጥበት ግን ሌንስ ላይ ጤዛ ያመጣል።

ጨረቃ፣ ፕላኔቶች፣ ጥንድ ከዋክብትና የፀሐይ ነጠብጣቦች ከተማ ውስጥም በደንብ ይታያሉ። እዚህ የሚያበላሸው ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ነው። ቀን ሲግል የዋለ ቆርቆሮና ኮንክሪት ከመሸ በኋላ ለሰዓታት ሙቀት ስለሚለቅ፣ በጣሪያዎች ላይ አሻግረው የሚያዩት ፕላኔት ይንቀጠቀጣል። ሣር ላይ ይቁሙ፣ ከጣሪያዎች በላይ ከፍ ያለውን ይምረጡ፤ ለፕላኔት ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ አየሩ ይረጋጋል።

ምን ልግዛ?

በመጀመሪያ 10 በ50 ባይናኩላር። 10 ማጉያው፣ 50 የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች፣ የኦሪዮን ኔቡላን፣ ሰባቱን ከዋክብትና የጨረቃን ጉድጓዶች ያሳያል። ሱቅ ውስጥ ሲፈትሹ ባይናኩላሩን ከዓይንዎ 30 ሴንቲ ሜትር አርቀው ወደ ብርሃን ያዙሩት፤ በዓይን ሌንሶቹ ላይ የሚታዩት ሁለት የብርሃን ክቦች ጥርት ብለው ክብ ከሆኑ ጥሩ ነው፣ ጠርዛቸው ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለ ፕሪዝሙ ርካሽ ነው። ከዚያ የሩቅ ምሰሶ ይመልከቱ፤ ምሰሶው ሁለት ከሆነብዎ ወይም ዓይንዎን ከሳበው አይግዙት። ባለ «ዙም» የሆኑትን ይተዉ።

ቴሌስኮፕ ላይ ዋናው ነገር የመስታወቱ ወይም የሌንሱ ስፋት ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የማጉላት ቁጥር አይደለም። በብዛት የሚሸጠውን 76/700 እንውሰድ፤ 76 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 700 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ማለት ነው። ማጉላት የሚገኘው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት በአይፒሱ፣ ማለትም በዓይን በኩል በሚገባው ትንሽ ሌንስ፣ የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። ባለ 20 ሚሊ ሜትር አይፒስ 35 እጥፍ ይሰጣል፣ ያ ጥሩ ነው። ባለ 4 ሚሊ ሜትሩን ከሦስት እጥፍ ባርሎ (ማጉላቱን ከሚያባዛ ተጨማሪ ሌንስ) ጋር ሲያደርጉት 525 እጥፍ ይሆንና ካርቶኑ ላይ የሚታተመው ይኸው ነው። ነገር ግን ሊጠቅም የሚችለው ከፍተኛ ማጉላት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ስፋት 2 እጥፍ ያህል ነው፤ ለ76 ሚሊ ሜትር 150 ገደማ። ከዚያ በላይ ምስሉ ይጨልማል፣ ይደበዝዛል፣ ቀጭኑ ትሪፖድም በነፋስ ይወዛወዛል። ብዙ ሰው ሥነ ፈለክን የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ያንኑ ቴሌስኮፕ በ35 እጥፍ ብቻ ቢጠቀሙበት የሳተርንን ቀለበት ያሳያቸው ነበር።

አቅም ካለ ክበብ በጋራ የሚገዛው ባለ 203 ሚሊ ሜትር መስታወትና 1,200 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ዶብሶኒያን፣ ማለትም በቀላል ሣጥን ላይ ወደላይና ወደጎን የሚዞር ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ፣ ይሁን። ከባለ 25 ሚሊ ሜትር አይፒስ ጋር 48 እጥፍ፣ ከባለ 10 ጋር 120 እጥፍ ይሰጣል፤ መቆሚያው የእንጨት ሣጥን ስለሆነ እዚህም አናጺ ሊጠግነው ይችላል። ለአንድ ሰው 130/650 የሆነ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዶብሶኒያን ይበቃል።

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ዘመድ እንዲልክልዎ ወይም ይዞልዎ እንዲመጣ ከጠየቁ፣ ከመግዛቱ በፊት ጉምሩክን ይጠይቁ። ባይናኩላርና ቴሌስኮፕ አየር ማረፊያ ላይ የፈቃድ ጥያቄ ሊያስነሱ ይችላሉ፤ የትምህርት ቤት ወይም የክበብ የድጋፍ ደብዳቤና የግዢ ደረሰኝ አስቀድሞ መያዝ ይጠቅማል። መስታወቱ ጭነት ክፍል ውስጥ ከገባ ሣጥኑ በአራቱም በኩል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ይኑረው። አይፒሶቹ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይግቡ።

ኢኳቶሪያል መቆሚያ አለኝ፤ የሰሜን ኮከብን ማግኘት አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

ኢኳቶሪያል መቆሚያ የከዋክብትን ጉዞ እንዲከተል አንዱ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ መዞር አለበት። የሰሜን ኮከብ ግን ከአድማስ በላይ የሚቆመው በኬክሮስዎ ልክ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ 9 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ከአንድ ጡጫ ያነሰ። ከተማ ውስጥ ካሉ እንጦጦ ይጋርደዋል፣ ሜዳ ላይም ቢሆን አቧራና ጭጋግ ያደበዝዘዋል። ይህ የእርስዎ ስህተት አይደለም። ሁለተኛው ችግር ከመጀመሪያው ይከፋል፦ ብዙ ርካሽ መቆሚያዎች የኬክሮስ መለኪያቸው ከ15 ወይም ከ20 ዲግሪ በታች አይወርድም፤ ቢወርድም የሚዛን ክብደቱን የያዘው ዘንግ ከትሪፖዱ እግር ጋር ይጋጫል።

መፍትሔው እንዲህ ነው።

1. ትሪፖዱን አዙረው አንዱ እግር ወደ ደቡብ፣ ሁለቱ ወደ ሰሜን እንዲሆኑ ያድርጉ። ክብደቱ የሚንጠለጠለው በሰሜን በኩል ስለሆነ በሁለቱ እግሮች መካከል ያልፋል።

2. መለኪያውን እስከሚችለው ድረስ ዝቅ ያድርጉት። 19 ላይ ቢቆም 10 ዲግሪ ይቀርዎታል ማለት ነው። የደቡቡን እግር ያስረዝሙ ወይም ሥሩ ድንጋይ ያድርጉ፤ ከደቡቡ እግር እስከ ሁለቱ የሰሜን እግሮች መስመር ያለው ርቀት 70 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለ10 ዲግሪ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃል።

3. አሁን ሚዛኑ ወደ ሰሜን ስላዘነበለ፣ ትሪፖዱ መሃል ላይ ውኃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ያንጠልጥሉ። ቴሌስኮፑን ሳይጭኑ ገፋ አድርገው ይፈትሹት።

4. የሰሜንን አቅጣጫ ከቀትር ጥላ ይውሰዱ። ቀን ላይ በቱንቢ ክር የሚጣለው ጥላ ፀሐይ መሃል ሰማይ ስትደርስ ትክክለኛውን የሰሜን–ደቡብ መስመር ይሰጣል፤ መስመሩን መሬት ላይ በኖራ ያስምሩት። ይህ ቅጽበት አዲስ አበባ ላይ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 6፡09 እስከ 6፡39 ይለዋወጣል፤ የዕለቱን ሰዓት ከስልክ የሰማይ ካርታ ይውሰዱ። ኮምፓስ ከብረትና ከመኪና አጠገብ ይዋሻል።

ይህ ሁሉ በዓይን ለማየት በቂ ነው። ፎቶ ለማንሣት ካልሆነ ግን ቀላሉን እንመክራለን፦ መቆሚያውን ለውጠው ቱቦውን ወደላይና ወደጎን ብቻ በሚንቀሳቀስ መቆሚያ ላይ ያድርጉት።

ዶብሶኒያን ያላቸው ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል። እዚህ ፕላኔቶችና ኦሪዮን ብዙ ጊዜ በአናት አጠገብ ስለሚያልፉ፣ ቱቦው ቀጥ ብሎ ሲቆም ወደጎን ማዞር አስቸጋሪ ይሆናል፤ ትንሽ ሲገፉት ዒላማው ይጠፋል። ከአናት ከማለፉ 1 ሰዓት ተኩል በፊት ወይም በኋላ ይመልከቱት፤ ያኔም ቢሆን ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ምስሉ የጠራ ነው።

ምስሉ ጥርት አይልም። ቴሌስኮፔ ተበላሽቷል?

ብዙውን ጊዜ አልተበላሸም። በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ። መጀመሪያ ሙቀቱ፦ ከቤት የወጣ ባለ 200 ሚሊ ሜትር መስታወት ከውጭው አየር ጋር እስኪስማማ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ እስከዚያ ምስሉ እንደሚፈላ ውኃ ይንቀለቀላል። በመስኮት በኩል ማየትም አይቻልም። ቀጥሎ ማጉላቱን ይቀንሱ። ከዚያ ጤዛን ይመልከቱ፤ ከፊት ሌንሱ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ የሚረዝም ጥቁር ካርቶን ቱቦው አፍ ላይ መጠቅለል ይከላከለዋል። ጤዛውን በጨርቅ አይጥረጉ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የቀረው የመስታወቶቹ አሰላለፍ ነው፤ ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ ኮረኮንች መንገድ ላይ ከተጓዘ ይዛባል። የአይፒሱን መክደኛ መሃሉን በ2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱትና በአይፒሱ ቦታ አድርገው በቀዳዳው ይመልከቱ። ትንሹ መስታወት ክብ ሆኖ መሃል ላይ መታየት አለበት። በእሱ ላይ ያሉትን ሦስት ትንንሽ ብሎኖች በየሩብ ዙር እያስተካከሉ፣ የትልቁ መስታወት ሦስት መያዣዎች እኩል እስኪታዩ ይቀጥሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው የትልቁን መስታወት ብሎኖች በማስተካከል የትንሹ መስታወት ጥላ በትልቁ መስታወት መሃል ላይ ካለው ምልክት ጋር እንዲገጥም ያድርጉ። ሥራው ሲከናወን ቱቦው ተጋድሞ ይሁን፤ ቆሞ ከሆነ ካቻቢቴው ቢያመልጥዎ የሚያርፈው ትልቁ መስታወት ላይ ነው።

ማረጋገጫው ኮከብ ነው። መመሪያዎቹ የሰሜን ኮከብን ይጠቀሙ ይላሉ፣ ምክንያቱም አይንቀሳቀስም፤ እዚህ ግን ጭጋግ ውስጥ ስላለ አይሆንም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ካፔላን ይጠቀሙ፤ በሰሜን 53 ዲግሪ ያህል ይወጣል፣ ከኦሪዮን ከዋክብትም በዝግታ ይንቀሳቀሳል። በ150 እጥፍ ከትኩረት ትንሽ አውጥተው ሲያዩት ክቦቹ አንድ መሃል ካላቸው ጨርሰዋል።

ፀሐይን ማየት ይቻላል? ግርዶሽስ?

የሚቻለው ለዚሁ በተሠራና ከቴሌስኮፑ ፊት በሚታሰር ማጣሪያ ብቻ ነው። ከርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጣውን፣ አይፒስ ላይ የሚገባውን ጥቁር የፀሐይ መስታወት ዛሬውኑ ይጣሉት፤ በተሰበሰበው ሙቀት ሲሰነጠቅ ዓይን ይጠፋል። ፈላጊው ሌንስ (ዒላማ ለማግኘት ቱቦው ላይ የሚታሰረው ትንሽ ቴሌስኮፕ) ሁልጊዜ ይከደን። የኤክስሬይ ፊልም፣ በጥላሸት የጠቆረ መስታወትና በሳፋ ውኃ ውስጥ የሚታይ ነጸብራቅ ከትውልድ ትውልድ የመጡ ዘዴዎች ቢሆኑም ዓይንን አያድኑም፤ ብርሃኑን ቢቀንሱትም የማይታየውን ጨረር ያሳልፋሉ፣ የዓይን መረብ ሲቃጠል ደግሞ ሕመም የለውም። በመነጽር ለማየት የአይኤስኦ 12312-2 ደረጃ ያለው፣ ያልተጫረና ያልተቀደደ መሆን አለበት። ከሁሉ ቀላሉ ካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅቶ ብርሃኑን ሌላ ወረቀት ላይ መጣል ነው፤ በግርዶሽ ጊዜ በዛፍ ቅጠሎች መካከል የሚያልፈው ብርሃንም መሬት ላይ የግማሽ ፀሐይ ምስሎችን ይሠራል።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ቀለበታማው ግርዶሽ በላሊበላ በኩል አልፏል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦገስት 2 ቀን 2027) ደግሞ ሙሉ ግርዶሽ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በሰሜን አፍሪካ፣ በሉክሶር፣ በጅዳና በመካ፣ በየመንና በሶማሊያ ሰሜናዊ ጫፍ ያልፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከቀትር በኋላ በከፊል ይታያል፤ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በሄዱ መጠን የሚሸፈነው ይጨምራል። ወሩ ሐምሌ ስለሆነ ደጋው ላይ ደመና ይጠበቃል፤ በአፋር፣ በድሬዳዋና በጅግጅጋ በኩል ዕድሉ የተሻለ ነው። ጅዳ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ከቤታቸው ሳይወጡ ለ6 ደቂቃ ገደማ ሙሉ ግርዶሽ ያያሉ። ይህ ለአንድ ከተማ እጅግ ረጅም ነውና ቀኑን ከአሁኑ ምልክት ያድርጉበት፣ መነጽሩንም ሳይወደድ ይግዙ። መነጽሩ የሚወልቀው ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዋ የብርሃን ጨረር ብቅ ስትል ወዲያው ይመለስ።

ጥላ የሚጠፋበት ቀን የሚባለው ምንድን ነው?

በሐሩር ክልል ስለምንኖር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል ከአናታችን ላይ ታልፋለች። አዲስ አበባ ላይ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 ወይም 24 ነው፤ ነሐሴው ደመና ስለሚሆን ሚያዝያን ይያዙ። ቅጽበቷ ከቀኑ 6፡25 ገደማ ናት። ሐዋሳ ላይ መጋቢት 30፣ ባሕር ዳር ሚያዝያ 12፣ መቀሌ ሚያዝያ 18 አካባቢ ይሆናል፤ በየከተማው ያሉ ትምህርት ቤቶች ውጤታቸውን ቢያወዳድሩ የምድርን ክብነት በእጃቸው ይለካሉ።

ለሙከራው ጠፍጣፋ ሰሌዳ በውኃ ልክ አስተካክለው ነጭ ወረቀት ይለጥፉበት። ከብረት ዘንግ ላይ ብሎን ያሰሩበት ክር ያንጠልጥሉ፤ ወይም ወፍራም የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ቀጥ አድርገው ያቁሙ፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከ6፡05 ጀምሮ በየ2 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ቧንቧው ከሆነ በትክክለኛው ቅጽበት ብርሃኑ እስከ ታች ደርሶ ውስጡን ያበራዋል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሰሌዳው ነው፦ 1 ዲግሪ ካዘነበለ 30 ሴንቲ ሜትር ዘንግ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጥላ ይጥላል። በሁለቱ ቀኖች መካከል ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ልጆች ይህን ራሳቸው ሲያገኙት ደስታቸው ሌላ ነው።

የክበብ ምልከታ ለሳይንስ ይጠቅማል?

በትክክል ከተመዘገበ ይጠቅማል። ሦስት ነገሮች ያለ ውድ መሣሪያ ይሠራሉ።

ተወርዋሪ ኮከቦችን መቁጠር። ከሁሉ የበለጠው የታኅሣሥ 4 ሌሊት ጀሚኒድስ ነው፤ የሚነሡበት የሚመስለው የሰማይ ነጥብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ይወጣል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ 66 ዲግሪ ላይ ይደርሳል። በሰሜን አገሮች ብዙም የማይታዩት ኤታ አኳሪድስ ደግሞ ለእኛ ጥሩ ናቸው፦ ከሚያዝያ 27 እስከ 28፣ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ሊሆን ሲል ወደ ምሥራቅ። ምንጣፍ ላይ ተጋድመው፣ በየ15 ደቂቃው ያዩትን ቁጥር፣ የደመናውን መጠንና የሚታይዎትን እጅግ ደብዛዛ ኮከብ ይመዝግቡ። እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ይቁጠር፤ በጋራ ተጮኾ የተቆጠረ ቁጥር ለምንም አይሆንም።

የፀሐይ ነጠብጣቦች። ቁጥሩ የሚሰላው ቡድኖቹን በ10 አባዝቶ የነጠላ ነጠብጣቦችን ቁጥር በመደመር ነው፤ 3 ቡድንና በጠቅላላው 11 ነጠብጣብ ካሉ 41 ይሆናል። ጥቅሙ የሚገኘው ያው ሰው በያው ቴሌስኮፕ ለወራት ሲቀጥል ነው።

ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ከዋክብት። ለጀማሪ ኤታ አኩዊሌን እንመርጣለን፤ በ7 ቀን ከ4 ሰዓት ገደማ ብሩህነቱ ከ3.5 ወደ 4.4 ወርዶ ይመለሳል (በከዋክብት የብሩህነት መለኪያ ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል)፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር መጀመሪያ በምሽት ይታያል። ከጎኑ ካሉት ከዴልታ (3.4)፣ ከቤታ (3.7) እና ከአዮታ (4.4) ጋር እያነጻጸሩ ይገምቱ። ቀጥሎ አልጎል፦ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ከ2.1 ወደ 3.4 ይደበዝዛል። ውጤቱን የሚያሰባስበው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር፣ ኤኤቪኤስኦ፣ ከአማተሮች በነፃ ይቀበላል።

ሰዓቱን እንዴት ልመዝግብ?

ሁልጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ከእኛ ሰዓት ጋር አጣምረው። የስልኩ 24 ሰዓት አቆጣጠር ላይ 3 ይቀንሱ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት ስልኩ ላይ 21፡00፣ በዓለም አቀፉ 18፡00 ነው። ስህተቱ የሚፈጠረው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ስልኩ ቀኑን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይቀይራል፣ ዓለም አቀፉ ሰዓት ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን በሁለት ቀን ይጻፉት፤ ለምሳሌ «ከታኅሣሥ 4 እስከ 5»። ቀጠሮ ሲነገርም «2 ሰዓት» ብቻ አይበቃም፤ «ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ 20፡00» ይባል፤ በተለይ ከውጭ የመጣ እንግዳ ካለ።

በስልክ ፎቶ ማንሣት እችላለሁ?

ጨረቃንና ፕላኔቶችን፣ አዎ። ስልኩን በአይፒሱ ላይ በመያዣ ያሰሩ፣ ባለ 2 ሴኮንድ ማዘግያ ይጠቀሙ፣ ጨረቃው ላይ ጣትዎን ተጭነው ትኩረቱን ከቆለፉ በኋላ ብርሃኑን ይቀንሱ። በእጅ ተይዞ የሚነሣ ፎቶ ከሃያ አንዱ ቢወጣ ነው።

ሌሊት ከከተማ ውጭ መቆየት ያሰጋል?

ቀን ሄደው ቦታውን ይዩ፣ ለቀበሌውና በአቅራቢያው ላሉ ነዋሪዎች ያሳውቁ። በጨለማ የተተከለ ረጅም ቱቦ ለማያውቀው ሰው መሣሪያ ይመስላል፤ ጎረቤቶቹን ጠርታችሁ ጨረቃን ካሳያችኋቸው ግን ቦታውን አብረው ይጠብቁላችኋል። እንጦጦ ጫካ አካባቢ ጅብ ስለሚኖር ማንም ለብቻው አይራቅ፣ የምግብ ትራፊም አይጣል። አረንጓዴ ሌዘር የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ቦሌ የሚያርፉና የሚነሡ አውሮፕላኖች ሲታዩ ይጥፋ፣ ወደ ሰው ዓይን ፈጽሞ አይዙር።

ክረምት ላይ ዕቃውን እንዴት ላስቀምጥ?

እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ እንደ ሸረሪት ድር የሚመስሉ ክሮች ካዩ ጀምሯል ማለት ነው፣ ሥር ከሰደደም ሽፋኑን ይበላዋል። አይፒሶቹን ከቆዳና ከጨርቅ ቦርሳቸው አውጥተው፣ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ያስቀምጡ። ጄሉ በየሦስት ሳምንቱ በዝግታ ሙቀት ይድረቅ። በሩዝ መተካት አይመከርም፤ ዱቄቱ ሌንስ ላይ ይቀራል።

ትልቁ መስታወት ላይ ያለ አቧራ ብዙም አይጎዳም፣ መጥረግ ግን ይጎዳል። በጣም ከቆሸሸ ብቻ ከቱቦው አውጥተው፣ ቀለበትዎን አውልቀው፣ መጀመሪያ ውኃ ያፍስሱበት፤ ከዚያ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ጥጥ በራሱ ክብደት ብቻ እንዲንሸራተት ያድርጉ፣ ጥጡን በየአንዳንዱ መጥረግ ይቀይሩ። መጨረሻ ላይ በተጣራ የባትሪ ውኃ አለቅልቀው ዘንበል አድርገው ያድርቁት። የባትሪው ውኃ አሲድ የሌለበት መሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብበው ያረጋግጡ፤ አሲዱ የአሉሚኒየም ሽፋኑን ያጠፋዋል።